በጎን የተሸጎጠው

«ሽጉጥ» ለሚባለው መሣሪያ ስም ያወጣለት ሰው ስለ ጥይቱም፣ ስለ ቃታውም፣ ስለ ጩኸቱም ግድ አልነበረውም። ያየው አንድ ነገር ነው፤ ባለቤቱ ወገቡ ላይ ሸጎጥ ሲያደርገው። ጠመንጃ በትከሻ ይነገታል፣ ጦር በእጅ ይጨበጣል፤ ይኼኛው ግን ይሸጎጣል። ስለዚህ ሽጉጥ ተባለ፣ አለቀ። ዛሬ ቃሉን የሚጠራ ሰው «ሸጎጠ» የሚለው ግስ ውስጡ እንደተቀመጠ ልብ አይልም።

ጃፓኖችም አጭሩን ሰይፋቸውን የሰየሙት እንዲሁ ነው። በፊልም የምናየው ሳሙራይ ወገቡ ላይ ሁለት ሰይፍ አለው፤ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። ረጅሙን «ካታና» ብለን ለምደነዋል። አጭሩን ግን ተርጓሚዎቻችን አንዴ «ጩቤ»፣ አንዴ «ትንሹ ሰይፍ» እያሉ ያልፉታል። ባለቤቶቹ ዋኪዛሺ ይሉታል። «ዋኪ» ጎን ነው፤ በተለይ ከብብት በታች ያለው ጎን። «ዛሺ» ደግሞ «ሳሱ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ መሰካት፣ መሻጥ፣ መሸጎጥ። ሁለቱ ሲጋጠሙ «በጎን የተሸጎጠ» ይሆናሉ። ማጠሩ በስሙ ውስጥ የለም። መቁረጡም የለም። ብረት መሆኑ እንኳ የለም።

«ሳሺ» መሆን የነበረበት «ዛሺ» የሆነው በጃፓንኛ ሁለት ቃል ሲጣመር የሁለተኛው መነሻ ድምፅ ብዙ ጊዜ ስለሚወፍር ነው። ካሚ ወረቀት ነው፤ ታጥፎ ቅርጽ ሲወጣለት ኦሪጋሚ ይሆናል። ካታናም ከሌላ ቃል ኋላ ሲገባ ጋታና ይባላል። ይህን ያዙልኝ፣ ወደፊት ያስፈልገናል። «ሳሱ» ራሱ ሆዱ ሰፊ ግስ ነው። አበባ ዕቃ ውስጥ ሲሰካ ሳሱ ነው፤ ዣንጥላ ሲዘረጋ ሳሱ ነው፤ ንብ ስትነድፍም፣ ሰው ሰውን በስለት ሲወጋም ሳሱ ነው። አፍ ላይ አንድ ነው፤ ወረቀት ላይ ግን በተለያየ ፊደል ይጻፋል። ጥሬ ዓሣውን ሳሺሚን ያወጣውም ይኸው ግስ ነው፤ «የተወጋ ሥጋ» እንደ ማለት። ዓሣው የሚቆረጥ ሆኖ ሳለ ለምን «የተወጋ» ተባለ ለሚል ሰው ከሚሰጡት መልሶች አንዱ ጦረኞቹ «መቁረጥ» የሚለውን ቃል በማዕድ ፊት መጥራት ገደ ቢስ ነው ብለው ይሸሹት ነበር የሚል ነው። እኛ ደግሞ ጥሬ ሥጋችንን በድፍረት «ቁርጥ» ብለነዋል።

መጀመሪያ ላይ ዋኪዛሺ የአንድ የተለየ ሰይፍ ስም አልነበረም። ከዋናው መሣሪያ ሌላ በጎን የሚሸጎጥ ስለት ሁሉ፣ አጠረም ረዘመም፣ ዋኪዛሺ ይባል ነበር። በልኬት የተከረከመው ኋላ፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እስከ 1868 በዘለቀው የኤዶ ዘመን ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መለኪያው ሻኩ ይባላል፤ 30.3 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለቱ ከ1 ሻኩ በታች ከሆነ ታንቶ፣ ከ1 እስከ 2 ሻኩ ከሆነ ዋኪዛሺ፣ ከዚያ ካለፈ ካታና። የካታናንም ሥር ካየን «ካታ» አንድ ወገን፣ «ና» ደግሞ ስለትን የሚጠራ ጥንታዊ ቃል ነው ይባላል፤ ባለ አንድ ወገን ስለት። ረጅሙና አጭሩ በአንድ ላይ ሲታጠቁ ዳይሾ ይባላሉ፤ ቃል በቃል «ትልቅና ትንሽ»። የኤዶ ሕዝብ ሳሙራይን በቅጽል ስም ሲጠራው ኒሆንዛሺ ይለው ነበር፤ «ሁለት የሸጎጠ»። ያችው ሳሱ እዚህም አለች።

አንዱን ዋኪዛሺ ቀርበን እንየው። እጀታው በሻካራ የባሕር ዓሣ ቆዳ ተለብጦ በላዩ ላይ የሐር ጥብጣብ እየተጠላለፈ ተጠምጥሞበታል፤ በጥብጣቡ መሐል እንደ ተደረደሩ ዓይኖች ክፍተቶች ይታያሉ። ስለቱን ከእጀታው ጋር የያዘው ብሎን ወይም ሙጫ አይደለም፤ አንዲት የቀርከሃ ችንካር ናት። በሰገባው ጎን በኩል ትንሽ ኪስ ተፈልፍላ አንዲት ቢላዋ ገብታበታለች፤ ለወረቀት፣ ለእንጨት፣ ለዕለት ሥራ የምትሆን። የሰገባው አፍ ደግሞ ሞላላ ነው፤ «ኮይጉቺ» ይሉታል፣ የካርፕ ዓሣ አፍ። ካርፕ ከውኃ ብቅ ብላ አፏን ስትከፍት ያየ ሰው ያወጣው ስም መሆን አለበት። ስለቱ እዚህ አፍ ላይ ጥብቅ ብሎ ይገባል፤ ቢደፉት አይወርድም። ባለቤቱ በግራ አውራ ጣቱ የእጅ መከላከያውን ገፋ ሲያደርግ ብቻ ጣት ታህል ብቅ ይላል። ይህን እንቅስቃሴ «የካርፑን አፍ መቁረጥ» ይሉታል። ሰይፉ ገና አልተመዘዘም፤ ግን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል።

እዚህ ላይ «ሳሙራይ» የሚለውን ቃል ራሱን ካላነሳን ነገሩ አይገባንም። ከሥሩ ጦረኛ ማለት አይደለም፤ ለጦረኛ «ቡሺ» የሚል ሌላ ቃል አላቸው። ሳሙራይ የመጣው «ሳቡራው» ከሚል የድሮ ግስ ነው፤ በታላቅ ሰው አጠገብ ሆኖ ትእዛዝ መጠበቅ፣ ማገልገል። እኛ ባለሟል የምንለው ሰው ነው፤ ደጅ የሚጠና፣ እልፍኝ የሚቆም። ሥራው ከጌታው ጎን አለመጥፋት ነበር። ከእሱ ጎን የማይጠፋው ደግሞ ዋኪዛሺው ነው። እንግዳ ሆኖ ሰው ቤት ሲገባ ረጅሙን ሰይፍ ያወልቃል፤ ወይ ለቤቱ አሽከር ይሰጣል፣ ወይ በቀኝ እጁ ይይዘዋል፤ በቀኝ የተያዘ ሰይፍ በቶሎ አይመዘዝምና ይህ የሰላም ምልክት ነው። አጭሩን ግን አያወልቅም። አብሮት ይቀመጣል፣ አብሮት ይበላል። ረጅሙ የመንገድና የሜዳ መሣሪያ ነበር፤ አጭሩ የቤት። በእኔ ግምት ስሙን እስከ ዛሬ ያቆየለትም ይኸው ነው፤ ቦታውን ፈጽሞ አልለቀቀማ።

በጃፓን ታሪክ ከፍ ያለ ስም ያለው የአጭር ሰይፍ ታሪክም የቤት ውስጥ ታሪክ ነው። ሚያዝያ 1701፣ ኤዶ ቤተ መንግሥት፣ «የጥዶች ታላቅ መተላለፊያ» በሚባለው ኮሪደር። ዕለቱ ከኪዮቶ የመጡ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኞች የሚስተናገዱበት ነው። የአኮ ግዛት ጌታ አሳኖ ናጋኖሪ ከአስተናጋጆቹ አንዱ ሲሆን፣ የሥነ ሥርዓቱ አዋቂ ደግሞ ኪራ ዮሺናካ ነበር። እዚያ ግቢ ውስጥ ረጅም ሰይፍ ይዞ መግባት የለም፤ ከክብር ልብሱ ጋር የሚታጠቁት አጭሩን ብቻ ነው፤ «ቺሳጋታና» ይሉታል፣ ትንሿ ካታና። አሳኖ እሱን መዞ ኪራ ላይ ሰነዘረ። ግንባሩን አገኘው፣ ጀርባውን አገኘው፤ ወዲያው ሰው ተረባርቦ ያዘው። ኪራ ተረፈ። በቤተ መንግሥት ስለት መምዘዝ በራሱ የሞት ጥፋት ነበርና አሳኖ በዚያው ቀን ሆዱን ቀዶ እንዲሞት ተፈረደበት።

ቃሉን እያሰብኩ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። አጭር ስለት የሳሱ ልጅ ነው፤ ይሸጎጣል፣ ይወጋል። አሳኖ ግን እንደ ረጅም ሰይፍ ቆረጠበት። ቢወጋው ኖሮ ኪራ ያን ቀን ይሞት ነበር፤ ጌታ አልባ የቀሩት 47 ሎሌዎችም በጥር 1703 በበረዶ ሌሊት የኪራን ቤት ሰብረው ደሙን የሚመልሱበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ዛሬ ቶኪዮ ውስጥ ሴንጋኩጂ በሚባለው ቤተ መቅደስ ከጌታቸው ጋር ተቀብረው ዕጣን ይጨስላቸዋል።

ከዋኪዛሺ በታች ያሉት ጩቤዎች የስማቸው ነገር ብቻውን መጽሐፍ ይወጣዋል። «ዮሮይዶሺ» ጥሩር በሳ ነው፤ ይኼኛው ቢያንስ ሥራውን ይናገራል። ሌሎቹ ግን ወደ ገላው ይመለሳሉ። በቀኝ ወገብ የሚሸጎጠው «ሜቴዛሺ» ይባላል። «ሜቴ» የፈረስ እጅ ነው፤ ፈረሰኛ ቀስተኛ በግራው ቀስቱን፣ በቀኙ ልጓሙን ይይዛልና ቀኝ «የፈረስ እጅ»፣ ግራ «የቀስት እጅ» ሆነው ቀሩ። «አይኩቺ» የእጅ መከላከያ የሌለው ጩቤ ነው፤ «አፍ ለአፍ የገጠመ» ማለት ነው፣ እጀታውና ሰገባው ያለ ጣልቃ ስለሚገናኙ። «ካይከን» የሴቶች ነው፤ የጉያ ስለት። የሳሙራይ ሴት ከኪሞኖዋ እጥፋት ውስጥ ይዛው ትኖር ነበር፤ በዛሬም ሠርግ በባህላዊ ልብስ ያጌጠች ሙሽራ በሐር ከረጢት አድርጋ ከመቀነቷ ላይ ስትሰካው ይታያል። ይህንኑ የጉያ ስለት በሌላ አነባበብ «ፉቶኮሮጋታና» ካሉት ደግሞ (ካታና ወፍራ ጋታና ስትሆን አያችሁ?) ትርጉሙ ሰው ይሆናል፤ የሹም ምሥጢረኛ፣ ቀኝ እጁ፣ ማንም ሳያየው ምክሩን የሚሰጠው ሰው። ከወሮበሎች ሰፈር የመጣው «ዶሱ» ግን ቀጥተኛ ነው፤ «ኦዶሱ»፣ ማስፈራራት፣ ከሚለው ግስ አንገቱን ተቆርጦ የቀረ ነው ይባላል። ዛሬ ጃፓኖች ወፍራምና የሚያስደነግጥ ድምፅ ያለውን ሰው «ድምፁ ዶሱ አለው» ይሉታል።

አንዳንዱ ጩቤ ደግሞ የግል ስም አለው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኪዮቶ ውስጥ አዋታጉቺ በሚባለው ሰፈር ቶሺሮ ዮሺሚትሱ የሚባል አንጥረኛ ነበር፤ በታንቶ ሥራው የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ከሥራዎቹ አንዷ ያገን ቶሺሮ ትባላለች። ያገን የመድኃኒት ቀማሚ የብረት መፍጫ ነው፤ እንደ ታንኳ ጎድጓዳ ሆኖ በውስጡ መንኮራኩር ይመላለስበታል። በአፈ ታሪክ እንደሚወራው በ1493 ሃታኬያማ ማሳናጋ የተባለው መስፍን በጠላት ተከቦ ሆዱን ሊቀድ ይህችን ጩቤ መዘዘ። ደጋግሞ ቢሞክር አልገባ አለችው። ተናዶ ሲወረውራት በክፍሉ የነበረውን የብረት መፍጫ በስታ ቆመች። ዱልዱም አልነበረችም፤ የጌታዋን ሆድ አልቆርጥም ብላ ነው አሉ። ማሳናጋ ሌላ ስለት ፈልጎ ሞተ፤ ለእሷ ግን የመፍጫው ስም ተረፋት።

ሆድን ካነሳን አይቀር፣ «ሃራኪሪ» እና «ሴፑኩ» ሁለት ነገር የሚመስሉት ብዙ ናቸው። አንድ ነገር ናቸው። ሁለቱም በሁለት ፊደል ይጻፋሉ፤ አንዱ «ሆድ»፣ አንዱ «መቁረጥ»። ሴፑኩ ከቻይና የመጣውን አነባበብ ይዞ ግሱን ያስቀድማል፤ ሃራኪሪ በጃፓንኛው ሥርዓት፣ በእኛም ሥርዓት ማለት ነው፣ «ሆድ መቁረጥ» ብሎ ስሙን ያስቀድማል። ሴፑኩ የአዋጅና የመዝገብ ቃል ነው፣ ሃራኪሪ የአፍ። ለምን ሆድ? ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት ከሌላው ይቀላል። እኛ ምሥጢርን «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንተወዋለን፣ ታጋሹን «ሆደ ሰፊ» እንለዋለን፣ ከወዳጃችን ጋር ሆድ ለሆድ እንተዋወቃለን። ጃፓኖችም ልባቸውን አውጥተው ሲነጋገሩ «ሆድ ሰነጠቅን» ይላሉ፤ ተንኮለኛው «ሆደ ጥቁር» ነው፤ ለጋሱ ደግሞ «ሆደ ወፍራም»። እውነት ሆድ ውስጥ የምትኖር ከሆነ፣ ንጽሕናውን ሊያሳይ የፈለገ ሰው የሚከፍተው ደጅ የት እንደሆነ ግልጽ ነው። የሚከፍትበት ስለት ደግሞ አጭር መሆን አለበት፤ በረጅም ሰይፍ ራስን መቅደድ አይመችም። ብዙ ጊዜ ታንቶ ወይም ዋኪዛሺ ነበር፤ እጀታው ወልቆ በነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ይቀርባል። የታንቶው የተለመደ ልክ 9 ሱንና 5 ቡ ነው፤ ወደ 29 ሴንቲ ሜትር ግድም። ልኩ ራሱ ስም ሆነው፤ «ኩሱንጎቡ»፣ «ዘጠኝ ሱን አምስት ቡ» ሲባል ሰው ሁሉ ጩቤ መሆኑን ያውቃል። ኋላ ላይ ነገሩ ወደ ሥርዓተ በዓልነት ሲለወጥ፣ በስለቱ ፈንታ ማራገቢያ ይቀመጥ ጀመር፤ ሰውየው እጁን ወደ ማራገቢያው ሲዘረጋ ከኋላው የቆመው አንገቱን ይቀላዋል።

ስለቱ ሐሰተኛ ሲሆንስ? «ታኬሚትሱ» የሚባል ቃል አለ። «ታኬ» ቀርከሃ ነው። «ሚትሱ» ግን ቀልድ ነው፤ የታላላቆቹ አንጥረኞች ስም፣ ካኔሚትሱ፣ ናጋሚትሱ፣ ዮሺሚትሱ እየተባለ በዚህ ስለሚያልቅ፣ ድሀው ሳሙራይ ሰይፉን ሸጦ በሰገባው ውስጥ የከተተውን የቀርከሃ ልጥ ሕዝቡ «የታላቁ ሊቅ የቀርከሃሚትሱ ሥራ» ብሎ አላገጠበት። ማሳኪ ኮባያሺ በ1962 የሠራው ፊልም ከዚህ ቀልድ ሥር ያለውን መራራ አወጣው። የታመመች ሚስትና ሕፃን ልጅ ያለው ወጣት ሳሙራይ ስለቱን ሸጦ፣ ገንዘብ ይወረውሩልኛል ብሎ በአንድ ታላቅ ቤት ግቢ «እዚህ ሆዴን ልቅደድ» ይላል። እነሱም ሰገባውን ከፍተው ቀርከሃ ያገኛሉ፤ በዚያው በቀርከሃ እንዲያደርገው ያስገድዱታል። ፊልሙ በአገሩ «ሴፑኩ» ይባላል። በውጭ አገር «ሃራኪሪ» ብለው ሸጡት።

ሁለቱን ሰይፍ በአንድነት መታጠቅ የሳሙራይ መብት ነበር፤ አጭሯን ብቻ ግን ነጋዴም መንገደኛም ሊሸጉጥ ይችላል። የመንገደኛዋ «ዶቹዛሺ» ትባላለች፤ የመንገድ ሽጉጥ እንደ ማለት። ቁማርተኞችና ወሮበሎች ደግሞ ሕጉን አጣመሙት፤ ስሟ ዋኪዛሺ የሆነች፣ ርዝመቷ ግን ካታና የምታህል ይታጠቁ ጀመር። «ናጋዋኪዛሺ»፣ ረጅሙ አጭር ሰይፍ። ቃሉ ከመሣሪያው አልፎ የራሱ የቁማርተኛው መጠሪያ ሆነ።

በመጋቢት 1876 መንግሥት ሰይፍ መታጠቅን ከለከለ፤ ከክብር ልብስ ጋርና ለወታደርና ለፖሊስ ብቻ ተፈቀደ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ሲጎበኙ ሁለት የሸጎጠ ሰው ከጎዳና ከጠፋ 55 ዓመት ሆኖት ነበር። አንደበት ግን አዋጅ አይሰማም። ዛሬም ሁለት ሰዎች ጠባያቸው ካልገጠመ «ጉብጠታቸው አይገጥምም» ይባላል፤ ሰይፍና ሰገባ ማለታቸው ነው። ተፋተው የታረቁ ባልና ሚስት «ወደ ቀድሞው ሰገባ ተመለሱ»። ዙሪያ ጥምጥም ትቶ ወደ ነገሩ የሚገባ ሰው «ታንቶ ቾኩኒዩ» ነው፤ «በአንድ ሰይፍ ቀጥ ብሎ መግባት»። እዚህ ላይ «ታን» አንድ ማለት ነው፤ ነገር ግን «አጭር» የሚለውም ቃል ድምፁ «ታን» ስለሆነ ብዙ ጃፓናዊ ተሳስቶ «በአጭር ሰይፍ» ብሎ ይጽፈዋል። መምህራን ያርሙታል። እኔ ግን ስሕተቱን እወደዋለሁ፤ ረጅሙ ከተረሳ በኋላም አጭሩ በሰው አእምሮ ጎን ተሸጉጦ መኖሩን ያሳያል።

ጥቅምት 12 ቀን 1960 ቶኪዮ ውስጥ በሂቢያ አዳራሽ የሶሻሊስት ፓርቲው ሊቀ መንበር ኢኔጂሮ አሳኑማ በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ይናገሩ ነበር። የ17 ዓመት ወጣት ከጎን ሮጦ መድረኩ ላይ ወጣና በአጭር ሰይፍ ወጋቸው። ያሱሺ ናጋኦ የተባለው ፎቶ አንሺ ስለቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰነዘር ያነሳው ምስል በማግሥቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። በምስሉ ላይ የአሳኑማ መነጽር ከዓይናቸው ሲወርድ፣ ሁለት እጃቸው ሆዳቸውን ሊከልል ሲሞክር ይታያል። አሳኖ በ1701 ያልሠራውን ይህ ወጣት ሠራው። ያን ቀን ሳሱ የሚጻፈው በመሸጎጡ ፊደል አልነበረም።

ሰይፍ በጃፓን ዛሬ የጥበብ ሥራ ሆኖ በየአውራጃው የትምህርት ቦርድ ይመዘገባል። የ1 እና የ2 ሻኩ ድንበር እስከ አሁን አልተነሣም፤ በመካከሉ የወደቀው ሁሉ በምስክር ወረቀቱ ላይ ዋኪዛሺ ተብሎ ይጻፋል። ፈቃድ ያለው አንጥረኛም በወር እንዲሠራ የሚፈቀድለት ረጅም ከሆነ ሁለት፣ ከ2 ሻኩ በታች ከሆነ ሦስት ነው።